ስለ አሮጌ ሞተር ብስክሌት አያያዝና በቤት ስለሚደረግለት ጥገና

በቅሎ ያለው ሰው ከመንገድ ሲገባ፥ እርሱ ራሱ እህል ከመቅመሱ አስቀድሞ ኮርቻዋን ያራግፋል፤ ጀርባዋን ዳስሶ የተላጠ እንዳለ ያያል፤ ኮቴዋን አንሥቶ ድንጋይ እንዳልገባበት ይመረምራል፤ ገብሷንም ያቀርብላታል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ማንም አላዘዘውም፤ ሳያደርግ ቢያድር በማግስቱ በእግሩ እንደሚሄድ ያውቃልና። ይኸው ሰው ግን ሞተር ብስክሌት የተሰጠው እንደ ሆነ ጠባዩ ይለወጣል። ከአቧራና ከጭቃ ሲገባ ከግድግዳ አስጠግቶት ይሄዳል፤ በማግስቱም አስነሥቶት ይወጣል፤ አልነሣ ያለ ዕለትም «አርጅቷልና ሌላ ይሰጠኝ» ብሎ ለበላዩ ይጽፋል። የተራበች በቅሎ ከስታ ትታያለች፤ ዘይቱ ያለቀ ሞተር ግን ከውጭ ሲመለከቱት እንደ ትናንቱ ነው፤ ጥፋቱም ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከወረዳ ጽሕፈት ቤት መጋዘን ጀርባ ጎማቸው ተኝቶ፥ መቀመጫቸውን ፀሐይና ዝናብ በልቶት፥ በሣር መካከል የቆሙ ሞተር ብስክሌቶችን ማየት ለማንም ሹም እንግዳ ነገር አይደለም። የየአንዳንዱ ታሪክ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ዕድሜ ነው። ይሁን እንጂ ዕድሜ ብቻውን ሞተር ብስክሌት ሲገድል አይታይም። ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠሩት በብዙ አገር ዛሬም በገዛ ባለቤቶቻቸው እጅ፥ በቤታቸው በረንዳ ላይ እየተፈቱና እየተገጠሙ ይሄዳሉ። የሚገድለው የዘይት፥ የንጽሕናና የአንድ ሰዓት ሥራ እጦት ነው። አንድ ሊትር ዘይት ለመግዛት «በጀት የለም» ያለ ጽሕፈት ቤት፥ ሁለት ዓመት ቆይቶ አዲስ ሞተር ብስክሌት ይገዛልኝ ሲል ዋጋው ስንት እጥፍ እንደ ሆነ አለማስላቱ የሚያስደንቅ ነው።

ጉዳቱ የብረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በግምጃ ቤት ሹም ዘንድ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ሞተሩ ሲቆም አብሮት የሚቆም ሌላ ሥራ አለ። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻና በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ ስንዴ አብቃይ ደጋዎች ተነሥቶ ብዙ አዝመራ አጥፍቷል። ዋግ በነፋስ የሚሄድ በሽታ ነው፤ በጊዜ ከታየና መድኃኒቱ በጊዜ ከተረጨ ይገታል፤ ማሳው ሁሉ ቢጫ ከለበሰ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት ግን ገንዘብ ማፍሰስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የመጣው የበረሃ አንበጣ ደግሞ መንጋው በአንድ ቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ መብረር የሚችል ነበር። እንዲህ ያለውን ጠላት አይቶ ለመናገር የወረዳው ባለሙያ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ በሰዓታት መድረስ ይገባዋል እንጂ በቀናት አይደለም። ለከብት የሚሆን ክትባትም በበረዶ ሣጥን ተይዞ የሚቆየው ለተወሰነ ሰዓት ነው። ስለዚህ ካንዴላው የጠቆረ አንድ ሞተር ብስክሌት የአንድ ቀበሌ እህል ሊያስጠፋ ይችላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሞተር ብስክሌት ሠሪዎቹ ይህን የሰው ጠባይ ያውቁታል። የጃፓኑ ያማሃ ኤጂ 100 እና ኤጂ 200 ብሎ ያወጣቸው ሁለቱ ከስማቸው ጀምሮ የግብርና ናቸው። ሰንሰለታቸው አቧራና ጭቃ እንዳይነካው በሣጥን ተከድኗል፤ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላቸው፤ በተዳፋት ላይ ለማቆም እንዲመች መደገፊያቸው በግራም በቀኝም ነው። በኤጂ 200 ላይ ደግሞ ነጂው ሞተሩን ሳያጠፋ የፍሪሲዮኑን መያዣ ቆልፎ፥ ወርዶ የበረቱን በር የሚከፍትበት ብልሃት ተጨምሮበታል፤ ይህን ያሰበው ሰው ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሳይሆን አይቀርም። ሆንዳም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. ሲጂ 125ን ሲያወጣ፥ ቫልቮቹን በሰንሰለት ማንቀሳቀሱን ትቶ በዘንግ እንዲገፉ ያደረገው፥ ዘይቱ በጊዜው በማይለወጥበትና ከመጠን በላይ በሚጫንበት አገር እንዲጸና ብሎ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ መንገድ ከሚታዩት የቻይና ሥራ ሞተር ብስክሌቶች ብዙዎቹ የዚህ ሞተር ቅጂ ወይም ዘመድ ናቸው። የሠሪው ብልሃት ግን ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ እንዲያውም ቻይ ሞተር ባለቤቱን ያሰንፋል።

በቸልታ ምን ያህል እንደሚጠፋ፥ በትጋትም ምን ያህል እንደሚድን ከአፍሪካ ምድር ራሷ የተገኘ ማስረጃ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ባሪ ኮልማንና አሜሪካዊው የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ነጂ ራንዲ ማሞላ ወደ ሶማሊያ በሄዱ ጊዜ፥ ለጤና ሥራ የተሰጡ ሞተር ብስክሌቶች በቀላል ጥገና እጦት ተበላሽተው ተጥለው አዩ። ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለው ማኅበር የተነሣው ከዚህ ነው። ይህ ማኅበር በሌሶቶ ሲሠራ፥ አገሩ ከዳር እስከ ዳር ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራማ ሆኖ ሳለ፥ የጤና ሠራተኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ለዓመታት እንዲጸኑ አድርጓል። ምሥጢሩ ትልቅ ጋራዥ መሥራት አልነበረም። እያንዳንዱ ነጂ በየማለዳው ከመነሣቱ በፊት አምስት ነገር እንዲመለከት ተማረ፤ ይኸውም ቤንዚኑን፥ ዘይቱን፥ መጥበቅና መላላት ያለበትን ሰንሰለትና ገመድ፥ ብሎንና ዳዶውን፥ በመጨረሻም ፍሬኑን ነው። ሊያልቅ የሚችለውም ዕቃ እስኪሰበር ሳይጠበቅ በተወሰነለት ኪሎ ሜትር እንዲለወጥ ሆነ። አምስቱን ነገር ለማየት ቡናው እስኪፈላ ያለው ጊዜ ይበቃል።

አሮጌ ሞተር ብስክሌት በቤት ሊጠገን የሚችለው አሠራሩ ግልጥ ስለ ሆነ ነው። በአዳዲሶቹ በብዙዎቹ ላይ ቤንዚኑን የሚመጥነው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ መሣሪያ ስለ ሆነ፥ እርሱ በታመመ ጊዜ መመርመሪያ ያለው ባለሙያ ይፈለጋል። የአሮጌው ካርቡራተር ግን ተፈትቶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይዘረጋል፤ ቀዳዳው ተነፍቶ ይጸዳል፤ ተመልሶም ይገጠማል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በአንድ ከረጢት ይያዛል፤ 8፥ 10፥ 12፥ 14 እና 17 ቁጥር ቁልፎች፥ የካንዴላ መፍቻ፥ ፒንሳ፥ ካቻቢቴ፥ የጎማ ማውጫ፥ መንፊያና መለጠፊያ፥ ክፍተት የሚለኩ ስስ ብረቶችም ናቸው። ስለ ካቻቢቴው ግን አንድ ነገር መባል አለበት። በጃፓን ሞተሮች ላይ ያሉት መስቀለኛ ብሎኖች በሌላ አገር ልክ ከተሠራው መስቀለኛ ካቻቢቴ ጋር ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ ልኩ ባልሆነ ካቻቢቴ በኃይል የተፈታ ብሎን ራሱ ይበላል። በብዙ አሮጌ ሞተር ላይ በመዶሻና በመሮ የተፈነቀለ ብሎን የሚታየው ስለዚህ ነው።

ከጠላቶቹ ሁሉ የሚከፋው አቧራ ነው። ሞተር አንድ ሊትር ቤንዚን ሲያቃጥል ከ8,000 ሊትር የማያንስ አየር ይስባል፤ በበጋ በጠጠር መንገድ ላይ ይህ አየር ምን ተሸክሞ እንደሚገባ ከመኪና ኋላ የነዳ ሰው ያውቀዋል። አቧራው አልፎ የገባ እንደ ሆነ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ወፍጮ ይፈጫቸዋል። ከስፖንጅ የተሠራው የአየር ማጣሪያ በበጋ በየሳምንቱ ወጥቶ በላምባ ወይም በሳሙና ውኃ መታጠብ፥ በጥላ መድረቅ፥ ከዚያም በንጹሕ ዘይት ርሶ በደንብ መጨመቅ አለበት። በዘይት ያልራሰ ስፖንጅ ደቃቁን አቧራ አይዝምና ማጠቡ ብቻ አይበቃም። በቤንዚን ማጠብ ደግሞ ሙጫውን ይፈታል፥ እሳትም ይጠራል። አንዳንድ ነጂዎች ሞተሩ ኃይል እንዲያገኝ ብለው ማጣሪያውን ጨርሰው አውጥተው ይጥሉታል። ኃይሉ ለጥቂት ጊዜ የጨመረ ይመስላል፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ማርሚታው ሰማያዊ ጢስ ይተፋል። ይህን ያደረገ ነጂ ሞተሩን በእጁ እንደ ሰበረ ሊቆጠር ይገባዋል።

ስለ ዘይት ሲነገር ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ነው ወይስ ባለ አራት ምት የሚለው አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ብዙ ሞተር የጠፋው ይህን ባለመለየት ነው። ባለ አራት ምቱ ዘይቱን በሆዱ ይዞ ደጋግሞ ይሠራበታል። ትንሹ ሞተር የሚይዘው አንድ ሊትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ዘይቱ ቶሎ ይደክማል፤ በአቧራ አገር በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ፥ ሞተሩ ገና ሙቅ ሳለ መቀየሩ የተሻለ ነው። ባለ ሁለት ምቱ ግን ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ያቃጥለዋል። ያማሃ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚህ ዘይት የራሱን ማጠራቀሚያና ትንሽ ፓምፕ ስለ ሠራለት፥ ነጂው ቤንዚንና ዘይት ከመደባለቅ ዐርፏል፤ ነገር ግን ማጠራቀሚያውን ማየትም አብሮ ረስቷል። ማጠራቀሚያው የደረቀ ዕለት ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ በመንገድ ላይ ይቆማል። ጢሱ በዛ ብሎ ዘይቱን የሚቀንስም፥ የመኪና ዘይት የሚሞላበትም መጨረሻው ይኸው ነው።

የተቃጠለውን ዘይት ግን ወደ ማሳ፥ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ ማፍሰስ ለግብርና ሰው አሳፋሪ ሥራ ነው። ለእከክ መድኃኒት ይሆናል ተብሎ ከብት መቀባቱም መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ በውስጡ የብረት ብናኝና መርዝ አለበት፥ ከብቱም ይልሰዋል። በጀሪካን ተጠራቅሞ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስቡ ቢሰጥ ይሻላል።

የኢትዮጵያ ምድር ከፍና ዝቅ ማለት ራሱን የቻለ ችግር ያመጣል፤ በመማሪያ መጽሐፍም እምብዛም አይገኝም። በደብረ ብርሃን ከፍታ፥ ማለት ከ2,800 ሜትር ግድም ላይ፥ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን የሚሰጠው ለባሕር ጠረፍ በተወሰነው ልክ ስለ ሆነ፥ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ያቃስታል። ብልህ መካኒክ ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ነሐስ በጠበበ ይለውጠዋል፤ ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን ያ ነጂ በጣርማ በር ወርዶ፥ ከ1,300 ሜትር ግድም ወደሚገኘው ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የገባ እንደ ሆነ፥ አየሩ ይወፍራል፥ ቤንዚኑም ያንሳል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከልክ በላይ ይግላል፤ ባለ ሁለት ምት ከሆነማ ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ ደጋና ቆላ የሚመላለስ ነጂ ሁለቱን ነሐሶች በከረጢቱ ይዞ፥ በቆላ ሰንብቶ የሚሠራ ሲሆን ሰፊውን መግጠም ይገባዋል። የካንዴላው ቀለም ምስክሩ ነው፤ የተቆላ ቡና መስሎ ቢወጣ ደኅና ነው፥ ጥቀርሻ ቢለብስ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም ማጣሪያው ታፍኗል፥ ነጭ ሆኖ ቢወጣ ግን አደጋ አለና ምክንያቱ ሳይገኝ መንገድ መጀመር አይገባም።

የቀረው ቀላል ነው። የካንዴላው ክፍተት በአብዛኞቹ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሳቱን የሚቆርጡት ፑንቲናዎች ባሉባቸው አሮጌ ሞተሮች ላይ የፑንቲናው ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰንሰለቱ ከመካከሉ ሲነሣ በመንገድ ሞተር ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያህል መወዛወዝ አለበት፤ ለገጠር መንገድ የተሠሩት ከዚህም በላይ ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው ሰንሰለት ጠብቆ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ የጠበቀ ሰንሰለት ግን የኋላውን ኩሽኔታ ይበላል።

ከበጋው አቧራ ይልቅ ብዙ ሞተር የሚገድለው የክረምቱ ዕረፍት ነው። በሰኔ መንገዱ ሲጨቀይ ሞተር ብስክሌቱ ከአንድ ጥግ ይቆማል፤ በመስከረም መጨረሻ ሲፈለግ አይነሣም። በእነዚህ ወራት በካርቡራተሩ ጽዋ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ተንኖ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ዝቃጭ ይተዋል፥ ቀዳዳውንም ይደፍናል። ጎዶሎ የሆነው የቤንዚን ማጠራቀሚያ እርጥበት አዘል አየር ስለ ያዘ ከውስጥ ይዝጋል፥ ዝገቱም ወርዶ ያንኑ ካርቡራተር ይሞላዋል። ባትሪው በራሱ ጊዜ ይሞታል። አይጥ በአየር ማጣሪያው ሣጥን ጎጆ ትሠራለች፥ ሽቦም ትቆረጥማለች፤ በመቀመጫው ላይ የሚያድሩት ዶሮዎች የሚያደርሱትን ጥፋት ደግሞ ቀለሙ ይናገራል። ይህን ሁሉ ለመከላከል የሚያስፈልገው ግማሽ ቀን ነው። ማጠራቀሚያው እስከ አፉ ይሞላል፤ የቤንዚኑ መዝጊያ ተዘግቶ ሞተሩ ጽዋው ውስጥ ያለውን ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ ይተዋል፤ ካንዴላው ተፈትቶ በቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ ዘይት ይፈስሳል፥ መርገጫውም ቀስ ተብሎ ጥቂት ጊዜ ይረገጣል። ባትሪው ወጥቶ በቤት ይቀመጣል፥ በየወሩም ይሞላል። ጎማዎቹ ከመሬት እንዲነሡ ከሥር ግንድ ይደረጋል። የማርሚታው አፍ በጨርቅ ይደፈናል፤ መደፈኑም በወረቀት ተጽፎ በመሪው ላይ ይንጠለጠላል፥ አለዚያ በመስከረም የሚረሳ ነገር ነው። መሸፈኛው ሸራ ይሁን እንጂ ላስቲክ አይሁን፤ ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራል።

በቤት ይጠገናል ማለት ሁሉ ነገር በቤት ይፈታል ማለት አይደለም። የማርሽ ሣጥኑን የከፈተ፥ የሞተሩን ዋና ዘንግ ለማውጣት የሞከረ ነጂ ብዙ ጊዜ ሞተሩን በጆንያ ይዞ ወደ ከተማ ሲሄድ ይታያል። ሲሊንደሩ የተበላ እንደ ሆነ የሬቲፊካ ሥራ ነው፤ ሲሊንደሩ በልዩ መኪና ይሰፋና ለልኩ የሚሆን ከፍ ያለ ፒስተን ይገባለታል። ይህ ከአዲስ ግዥ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ወጪ ስለ ሆነ፥ «ሞተሩ አልቋል» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሹም ሲሊንደሩ ተለክቶ እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። ከአንዱ ሞተር ፈትቶ ለሌላው መግጠምም በችግር ጊዜ የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚነቀፈው ሳይጻፍ መደረጉ ነው። ዛሬ ካርቡራተሩ፥ ነገ ጎማው፥ ከነገ ወዲያ መሪው እየተወሰደ፥ ሊድን ይችል የነበረው ሞተር አጥንቱ ብቻ ይቀራል፤ የወሰደውም ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ለመፈታት የሚመረጠው አንድ ብቻ ሆኖ፥ የሄደው ዕቃ ሁሉ በመዝገብ ቢሰፍር ግን ያ አንድ ሞተር ለሌሎቹ ግምጃ ቤት ይሆናል።

እንግዲህ ከነጂው በላይ ያለው ሹም ድርሻው ምንድን ነው ቢባል፥ የመጀመሪያው አንዱን ሞተር ለአንድ ሰው መስጠት ነው። ሦስት ሰው የሚነዳውን ሞተር ዘይቱን የሚያይ አንድም ሰው አይገኝም። ሁለተኛው የዘይት፥ የማጣሪያ፥ የካንዴላና የጎማ ገንዘብ ከቤንዚኑ ገንዘብ ጋር በአንድነት እንዲመደብ ማድረግ ነው፤ ቤንዚን ብቻ ተሰጥቶ ዘይት የሚከለከልበት ጽሕፈት ቤት ሞተሩን በራሱ ቤንዚን እየገደለው ነው። ሰፊ እርሻ ያላቸው ሰዎች በዚህ ረገድ ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት ይልቅ የተሻሉ ሆነው የሚገኙት የተለየ ጥበብ ስላላቸው አይደለም፤ ወጪውን የሚከፍለው ኪሳቸው ስለ ሆነ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፥ እርሱም ቀላል አይደለም። የመንግሥት ንብረት በነጂው ቤት እንዲያድርና በእጁ እንዲፈታ ከተፈቀደ፥ ለግል ጉዞ ይውላል፥ ዕቃውም ይለወጣል የሚሉ ሹማምንት አሉ። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በጽሕፈት ቤት ግቢ ተቆልፎ የሚያድረው ሞተር ከዚህ በሽታ አልዳነም፤ ማታ ማንም አያየውም፥ ጠዋት ማንም አይመረምረውም፥ የሚለወጠውም ዕቃ ሲለወጥ ታይቷል። ከቁልፍ ይልቅ የሚጠብቀው መዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ደብተር ተከፍቶ፥ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር በመጀመሪያው ገጽ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ የተሄደው ኪሎ ሜትር፥ የተቀዳው ቤንዚን፥ የተለወጠው ዘይትና የተገዛው ዕቃ ከነቀኑ ይስፈር፤ ሹሙም በወሩ መጨረሻ ሞተሩን በዓይኑ እያየ ይፈርም። ቤንዚኑና ኪሎ ሜትሩ ያልተስማሙ እንደ ሆነ ወይ ሞተሩ ታሟል ወይ ነጂው የሄደበት ያልጻፈው መንገድ አለ፤ ሁለቱንም በቶሎ ማወቅ ይጠቅማል። በብዙ አሮጌ ሞተር ላይ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ከቆመ ዓመታት ስላለፉት፥ ደብተሩ ከመከፈቱ በፊት የሚጠገነው እርሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የተበጠሰው ከፊተኛው እግር ወደ መቁጠሪያው የሚሄደው ገመድ ብቻ ሆኖ ይገኛል።